ወንድሜ ትራማዶል ማቆም አቃተው፤ ክፍሉ ይቆለፍበት ወይ?

ታላቅ እህት (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ የዛሬ ዓመት እግሩ ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ለሕመሙ ትራማዶል ታዘዘለት። እግሩ ድኗል፣ ክኒኑ ግን አልቀረም። መጀመሪያ ባለ 50 ሚሊግራሙ በቀን ሁለት ይበቃው ነበር፤ አሁን አሥር እንደሚደርስ ራሱ ነገረኝ። ማታ ማታ ለእንቅልፍ ብሎ ዳያዜፓም ይጨምርበታል። ባለፈው ሳምንት ተናድጄ ያገኘሁትን ሁሉ ሽንት ቤት ደፋሁት። በማግስቱ ላብ በላብ ሆነ፣ ተቅማጥ ያዘው፣ ሲንቀጠቀጥ አደረ። ወጥቶ ሌላ ገዝቶ ሲመጣ አይቼ ዝም አልኩ። እናታችን «ቆልፈንበት ሦስት ቀን ይቻለው» ትላለች። ያዋጣል?

ፋርማሲስቱ፦ እህቴ፣ እንዳትቆልፉበት። አሥር ክኒን 500 ሚሊግራም ነው፤ ለአዋቂ የተፈቀደው የቀን ጣሪያ 400 ነው። ትራማዶል መጠኑ ሲበዛ እንደ ሚጥል በሽታ ያንፈራግጣል። ዳያዜፓምም ለወራት በየቀኑ የለመደ ሰው ድንገት ሲያቆመው እንዲሁ ያደርጋል። መጠኑ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ይቀነስ፤ የትኛው እንደሚቀድም ሐኪሙ ይወስን። ስትሄዱ ቁጥሩን አትሸፋፍኑ። ብዙ ሰው አፍሮ ግማሹን ይናገራል፣ ከዚያ የመቀነሻው ዕቅድ ገና ከመነሻው ይሳሳታል።

አንድ አባት፦ ልጄ፣ ካልጨከናችሁ አይተውም። እኔ ሲጋራ ያቆምኩት በአንድ ቀን ነው።

ያለፈበት፦ አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄ እንደ ሲጋራ አይደለም። እኔም ላይ ተቆልፎብኛል። ሳምንት ሙሉ ቻልኩት፣ ቤተሰቡም ዳነ ብሎ ደስ አለው። የወጣሁ ዕለት የድሮ ልኬን ዋጥኩ። ሰውነቴ ግን ያን ልክ መሸከም ትቶ ነበር። ሆስፒታል ነው የነቃሁት። ስለዚህ እህቴ፣ ጥቂት ቀን አቁሞ ቢመለስበት ያኔ ነው አብልጠሽ መፍራት ያለብሽ። ይህን ለእሱም ንገሪው፣ ሳትቆጪ።

የሌሊት ተረኛ ነርስ፦ እኔ የሁለቱ መደባለቅ ነው ያስጨነቀኝ። ትራማዶልና ዳያዜፓም ትንፋሽን እየተጋገዙ ያዳክማሉ፤ አልኮል ከተጨመረ ይብሳል። የተኛ መስሎ እንግዳ የሆነ ከባድ ማንኮራፋት ካንኮራፋ፣ ትንፋሹ ከተራራቀ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ስትቀሰቅሱት ካልነቃ «ይተኛበት» አትበሉ። በጎኑ አስተኙት፣ አምቡላንስ ጥሩ፣ ብቻውን አትተዉት። ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ የትራማዶሉን ትንፋሽ ማፈን ይመልሳል፣ የዳያዜፓሙን ግን አይነካም። ማርከሻው ቤት ይቀመጥ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ።

ታላቅ እህት፦ እሱ ግን «ሐኪም ነው ያዘዘልኝ፣ ሱሰኛ አይደለሁም» ይላል።

ያለፈበት፦ እኔም እንደዚያው እል ነበር። በቃሉ አትከራከሪው። «እንቅልፍህ ተበላሽቷል፣ ላቡም አስቸግሮሃል፣ ለእሱ እንታይ» በይው። እኔን ሐኪም ቤት ያስገባኝ የሆድ ድርቀት ነው፤ የቀረውን እዚያ ስደርስ ዘረገፍኩት።

ታላቅ እህት፦ ስለ እንቅልፉ ብዬው እሺ አለ፤ ሐሙስ ቀጠሮ ይዘናል። እስከዚያው በቀን የሚወስደውን አብረን እየጻፍን ነው። ትናንት ዘጠኝ። ዳያዜፓሙንም ልጻፍ?

ፋርማሲስቱ፦ አዎ፣ ከነሚሊግራሙና ከነሰዓቱ። ማሸጊያዎቹንም ይዛችሁ ሂዱ።