ሰኔ 30 ሳይደርስ ቆርቆሮውን ልቀይረው?

ጡረተኛዋ መምህርት፣ ደብረ ማርቆስ፣ ሰኔ 12 ቀን 2014

ጤና ይስጥልኝ። 31 ዓመት ሒሳብ አስተምሬ የራሴን ግብር ማስላት አቅቶኝ ነው የመጣሁት። አትሳቁብኝ።

ከእናቴ የወረስኩት ቤት አለኝ። ዋናው ቤት ውስጥ እኔው እኖራለሁ። ጓሮ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው በወር 1,500 ብር ተከራይተዋል። መንገድ ዳር ያለችውን ሱቅ አንድ ጸጉር ቆራጭ ይዟታል፣ 3,000 ይከፍላል። ዓመቱን ሙሉ ቢከራዩ 90,000 ይመጣል። ግን አንደኛዋ ክፍል ከጥቅምት እስከ ጥር አራት ወር ባዶዋን ከረመች። ጣሪያዋ ያፈሳል። የመስከረም ዝናብ ፍራሿ ላይ ሲወርድባት ተከራይዋ ጥላኝ ወጣች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ አልፈርድባትም።

አሁን ጎረቤቴ «የግብር ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ከዚያ በፊት ቆርቆሮውን ቀይሪ፣ ደረሰኙን ያዢ፣ ከግብርሽ ይቀነስልሻል» እያለች ቀንና ሌሊት ትነግረኛለች። አስጠየቅሁ። ከነሠራተኛው 22,000 ብር አሉኝ። የዕቁብ ዕጣዬ ገና ነው። ተበድሬ ላሠራው?

ሌላው፣ አምና 12 ወር ሙሉ እንደተከራየ አድርገው ነው የገመቱብኝ። ዘንድሮ የአራቱን ወር ባዶነት በምን ላስረዳ? ጡረታዬስ ከኪራዩ ጋር ይደመራል?


የቡሬው፣ ሰኔ 12

እትዬ፣ ጎረቤትዎ ልክ ናቸው። ደረሰኝ ያለው ሁሉ ይቀነሳል። ቶሎ ያሠሩት። ደግሞ ውሉን በ800 ብር አድርገው ይጻፉት፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው።


ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ሰኔ 13

እትዬ፣ እባክዎ ለቆርቆሮ ብለው አይበደሩ!

በዘንድሮው የ2014 ሕግ ዓመታዊ ገቢዎ ከ500,000 ብር በታች ስለሆነ ደረጃ ሐ ነዎት፤ ዝቅተኛው የግብር ከፋይ ደረጃ ማለት ነው። የሒሳብ መዝገብም አይዙም። እንዲህ ላለ አከራይ ሕጉ ደረሰኝ አይጠይቅም። ከጠቅላላው ኪራይ ግማሹን ለጥገና፣ ለእድሳትና ለእርጅና ብሎ በጅምላ ይቀንስልዎታል። ጣሪያው ቢቀየርም ባይቀየርም ያው ግማሹ ነው። የ22,000ውን ደረሰኝ ይዘው ቢሄዱ በግማሹ ላይ ሌላ ቅናሽ አይጨመርም። ወጪውን በደረሰኝ ላስቀንስ የሚል ሰው መዝገብ መያዝ አለበት፤ ያኔ ደግሞ የጅምላው ግማሽ ይቀርበታል። የእርስዎ ግማሽ 42,000 ነው። 22,000 ለማስቀነስ 42,000 ይለቃሉ?

ከግማሹ ሌላ የሚቀነሰው ለማዘጋጃ ቤት የሚከፍሉት የቦታ ኪራይ ነው። እሱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የቤት ግብሩ ግን አይቀነስም፣ ግብር ስለሆነ። ደረሰኙ ላይ ሁለቱ ለየብቻ ተጽፈው እንደሆነ ይዩት። ለምሳሌ የቦታ ኪራዩ 400 ብር ነው እንበል።

ባዶዎቹ ወራት ወጥተው 84,000፣ ግማሹ 42,000፣ 400 ሲነሳ 41,600። ይህ በ2014ቱ ሰንጠረዥ 20 በመቶው እርከን ላይ ይወድቃል። 8,320 ይሆናል፣ ተቀናሹ 3,630 ሲወጣለት 4,690 ብር። አራቱ ወራት ካልወጡ ግን 5,290 ነው። ስለዚህ ዘንድሮ የሚያተርፍዎት ቆርቆሮው ሳይሆን ባዶዋ ክፍል ናት። 600 ብር።

የክፍሏን ባዶነት ለማስረዳት የሐምሌውን ሰልፍ አይጠብቁ። አሁኑኑ ቀበሌ በጽሑፍ ያመልክቱ። የወጣችው ልጅ ውል መቼ እንዳበቃ፣ አዲሱ ተከራይ መቼ እንደገባ የሚያሳይ ወረቀት ያያይዙ። እንደ አምናው ከገመቱብዎት ደግሞ የግብር ውሳኔው በደረሰዎት በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ ማቅረብ ይችላሉ። ዝም ብሎ ከፍሎ ወጥቶ ማማረር የእኛ አገር ልማድ ነው እንጂ።

ጡረታው አይደመርም። ኪራይ የራሱ ሰንጠረዥ አለው፣ ሰንጠረዥ ለ።


የደጀን ልጅ፣ ሰኔ 13

ወንድሜ የቡሬው፣ የ800 ብሩን ነገር ተወው። ጸጉር ቆራጩ ንግድ ፈቃድ ሲያወጣ የኪራይ ውሉን አቅርቧል። ገቢዎች ያንን ውል ቢያወጡት እትዬ ምን ሊሉ ነው? እኔ የአጎቴን ጣጣ አይቻለሁ። የተደበቀው ልዩነት ከነቅጣቱና ከነወለዱ መጣ፣ በሬ ሸጦ ከፈለ።

እትዬ፣ ክፍያው ከሐምሌ 1 እስከ 30 ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ይሂዱ። መጨረሻ ላይ አገሩ ሁሉ የጤፍ ዘሩን አቁሞ ይመጣና በዝናብ ጃንጥላ ይዘው ይቆማሉ።


ጡረተኛዋ መምህርት፣ ሰኔ 14

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፍኖተ ሰላሙን ልጅ ስሌት አላመንኩም ነበር። 3,630 ከየት መጣ? የድሮ ተማሪ እንዲህ ከሰማይ የወረደ ቁጥር ቢጽፍልኝ «አሠራር!» ብዬ ቀይ አደርግበት ነበር። ቁጭ ብዬ በየእርከኑ አወረድኩት። የመጀመሪያው 7,200 ነጻ። ቀጥሎ እስከ 19,800 ያለው 12,600 በ10 በመቶ፣ 1,260። እስከ 38,400 ያለው 18,600 በ15 በመቶ፣ 2,790። የተረፈው 3,200 በ20 በመቶ፣ 640። ድምሩ 4,690። ልክ ነህ፣ ሙሉ ማርክ።

ዛሬ ጠዋት ቀበሌ ሄጄ ማመልከቻ አስገባሁ። ጸሐፊዋ ተማሪዬ ነበረች፣ ቆማ ተቀበለችኝ፤ ማኅተሙን ግን ነገ ተመለሽ አለችኝ። የልጅቷን ውል ፍለጋ ቤቱን ገለባበጥኩት። ጌሾ ያሰጣሁበት ሰፌድ ሥር ተገኘ። ጫፉ ረጥቧል፣ ቀኑ ግን ይነበባል።

የቦታ ኪራዩም ደረሰኝ ላይ ለብቻው አለ፤ 385 ብር። እንግዲህ 3 ብር ይጨመርብኛል።


ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ሰኔ 14

እትዬ፣ የማመልከቻውን ቅጂ ማኅተም አስደርገው እጅዎ ላይ ያስቀሩ። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይኖራል። ቆርቆሮውስ?


ጡረተኛዋ መምህርት፣ ሰኔ 15

ቆርቆሮው ዕቁቡ እስኪደርሰኝ ይቆያል። ለጊዜው ላስቲክ አልብሼዋለሁ። ለአዲሱ ተከራይ ደግሞ አልጋውን ወደ ግድግዳው አስጠግቼለት ባልዲ ሰጥቼዋለሁ፤ የሐምሌን ኪራይ 200 ብር ቀንሼለታለሁ። የሚቀጥለው ዓመት ሒሳብ ላይ እሱን እንዳልረሳው ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።