እሌኒ ማለት ምን ማለት ነው? ሄለንስ ያው ናት?

ሐይቅዳር (ሐዋሳ)፦
ሰላም የቃላት ቤተሰቦች። እህቴ ሴት ልጅ ወልዳ ቤቱ በስም ክርክር ታምሷል። እሷ እሌኒ ትባላለች ብላ ቆርጣለች፣ የባሏ ወገን ደግሞ የአሮጊት ስም ነው እንደዛ ከሆነ ለምን ሄለን አንላትም ያው አይደል እያሉ ነው። እናቴ "ስምን መልአክ ያወጣዋል" ብላ ተገላገለች፣ መልአኩ ግን እስካሁን ምንም አላለም 😄 ጥያቄዬ፦ ትርጉሙ ምንድነው? እሌኒና ሄለን እውነት አንድ ናቸው? ከቆስጠንጢኖስ እናት ሌላስ በዚህ ስም የታወቀ ሰው አለ?

ቡናአፍላ፦
እንኳን ማርያም ማረቻት! ሄለን በየቤቱ አለች፣ እሌኒ ግን ብርቅ ናት። በኔ ይሁንባችሁ እሌኒ በሏት።

ፊደልቆጣሪ (አዳማ)፦
እንኳን ደስ ያላችሁ። አዎ አንድ ናቸው፣ የመጡበት መንገድ ነው የተለያየው። ስሩ ግሪክ ነው። በጥንቱ ግሪክኛ መጀመሪያው ላይ "ህ" ነበረችበት መጨረሻው ደግሞ ረዘም ያለ "ኤ" ነበር፣ በኋላ ግን ግሪኮቹ ራሳቸው "ህ"ዋን ዋጧት "ኤ"ዋም ወደ "ኢ" ዞረች፣ ስለዚህ ዛሬም አቴንስ ሄደህ ብትጠራት "ኤሌኒ" ነው የምትላት፣ የኛ ቤተክርስቲያን ሰዎች የያዙት ይህንን ነው። ኒቆዲሞስ ላይም "ዲ"ዋ የመጣችው እንደዚሁ ነው። ላቲኖቹ ግን "ህ"ዋን ይዘው ሄሌና አሉ፣ ከዛ ፈረንጁ ቆረጣትና ሄለን ሆነች፣ እኛ ጋ የደረሰችው በትምህርት ቤትና በፊልም ዘመን ነው። እንግዲህ የባሏ ወገን "ዘመናዊ" የሚሉት "ህ" ከሁሉም አሮጌው ነው፣ ንገሪያቸው።

ትርጉሙን በተመለከተ፣ በድሮ ግሪክ ይህንኑ የሚመስል ቃል ችቦ ማለት ስለሆነ "ችቦ፣ ብርሃን" ብለው የሚፈቱት ብዙ ናቸው፣ አይ የቃሉ ምንጭ አልታወቀም የሚሉ ምሁራንም አሉ። ለኛ ግን ግጥምጥሞሹ ደስ ይላል፣ ንግሥት እሌኒ መስቀሉን ስትፈልግ በዕጣን ጢስ ተመርታ ነው ብለን በየዓመቱ መስከረም 16 ችቦ ይዘን ደመራ የምንዞረው ለሷ ፍለጋ አይደል? 17 ቁፋሮው የተጀመረበት፣ መጋቢት 10 መስቀሉ የተገኘበት ነው ይላል ትውፊቱ።

ሐይቅዳር፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ችቦ የሚለውን ስነግራት እህቴ አለቀላት በቃ 😂 ከቆስጠንጢኖስ እናት ሌላስ?

ፊደልቆጣሪ፦
እንዴ፣ የናንተው አካባቢዋ እያለች? የሐዲያዋ እሌኒ ናታ! የሐዲያ ገራድ (ገዢ) ልጅ፣ እስላም ቤት ተወልዳ አፄ ዘርዓ ያዕቆብን ያገባችው። ሐዲያ ከሐዋሳ ሩቅ አይደለም መቼም። እዚህ ጋ የሚገርመኝን ልንገርሽ፣ ዘርዓ ያዕቆብ ሲነግሥ የያዘው የዙፋን ስም ቆስጠንጢኖስ ነው፣ የግሸኑ መስቀል መምጣትም ከሱ ዘመን ጋር ነው የሚነገረው። ቆስጠንጢኖስ ቤት የገባች ልዕልት እሌኒ መባሏ በኔ እምነት ድንገት የሆነ ነገር አይደለም፣ የሮሙን ቤተ መንግሥት ታሪክ ደብረ ብርሃን ላይ መልሶ መጻፍ ነው የሚመስለኝ።

ሴትየዋ ግን ከስሟ በላይ ሆነች። ባሏ እ.ኤ.አ. በ1468 ሞተ፣ እሷ ግን በዕደ ማርያምን አልፋ እስክንድርን አልፋ ናዖድን አልፋ ልብነ ድንግል በ1508 ገና ልጅ ሆኖ ሲነግሥ ሞግዚት ሆና አገር ያዘች። ግራኝ ከመነሳቱ በፊት ቱርክ በቀይ ባሕር ሊመጣ እንደሆነ ገብቷት ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ደብዳቤ አስይዛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ማኑኤል ላከች፣ ሰውየው ሕንድ ዞሮ ስንቱን መከራ አይቶ ሊዝበን የገባው በ1514 ነው፣ መልሱ ይዞት የመጣው መልእክተኛ ቡድን ምጽዋ ሲደርስ 1520 ሆነ፣ ማቴዎስም ወዲያው ሞተ። ከነሱ ጋር የመጣው ቄስ አልቫሬዝ እዚህ እያለ ነው እሷ ያረፈችው፣ ሕዝቡ አባታችንም እናታችንም እሷ ነበረች፣ እሷ ሞተች ማለት እኛ ሞትን እያለ ሲያለቅስ ሰማሁ ብሎ ጽፏል። ያ ልጅ ንጉሥ ግን አደገና ፖርቱጋሎቹን ችላ አላቸው፣ በኋላ ግራኝ አገሩን ሲያጥለቀልቀው ነው እንደገና ድረሱልኝ ያለው፣ የደረሱትም እሱ ከሞተ በኋላ በ1541 ነው፣ 400 ነፍጠኛ ይዘው። የሷን ምክር በጊዜው ሰምቶ ቢሆን እያልኩ ሁሌ እበሳጫለሁ።

መርጡለ፦
የኛን ረሳኸውሳ! ጎጃም መርጡለ ማርያምን ያሠራችው እሷ ናት። ፍርስራሹ ላይ ያለውን የድንጋይ ቅርጽ ያየ ሰው ጣቱን ሳያስኬድበት አይመለስም፣ አበባውና ሐረጉ ዳንቴል ነው የሚመስለው።

ፊደልቆጣሪ፦
ልክ ነህ ወንድሜ፣ እሱ ለብቻው ይጻፍበት።

ቡናአፍላ፦
ናፖሊዮን የታሠረባት ደሴትስ ሴንት ሄሌና አይደለችም እንዴ? እሷም ያው እሌኒ ልትሆን ነው?

ፊደልቆጣሪ፦
ራሷ ናታ። በ1502 ያገኛት ዡዋው ዳ ኖቫ የሚባል መርከበኛ ነው፣ ያሰማራው ደግሞ የኛ እሌኒ ደብዳቤ የጻፈችለት ያው ማኑኤል ነው። ናፖሊዮን 1821 እዛው ሞተ። ለትሮይ ጦርነት ሰበብ ሆነች የምትባለዋም ቆንጆ ያው ስም ነው ያላት፣ ዐይነ ስውርና መስማት የተሳናት ጸሐፊዋ ሄለን ኬለርም። ጣልያኖች ኤሌና ይላሉ፣ ኤሌና ኮርናሮ ፒስኮፒያ በ1678 ፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ በፍልስፍና ዶክተር ስትባል ከሷ በፊት ይህን ማዕረግ ያገኘች ሴት አልነበረችም፣ መጀመሪያ በሥነ መለኮት ልትመረቅ ፈልጋ ጳጳሱ ሴት ብሎ ነገር የለም ብለው ከለከሏት። ከኛ ዘመን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያ ምርት ገበያን ያቋቋመችው ኢኮኖሚስት ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን አለችላችሁ። የሲዳማ ቡና በየት በኩል እንደተሸጠ ሐዋሳ ያለ ነጋዴ ጠይቁ፣ ስሟን ያውቀዋል።

ሐይቅዳር፦
ጋሼ ኧረ ተባረክ። ይህን ሁሉ ለአማቲቱ አነበብኩላቸው፣ የሐዲያዋ ጋ ስደርስ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና "እንዲህማ ከሆነ ትባል" አሉ። አሁን የቀረው ፊደሉ ነው። እሳቸው በዐይኑ ዐ "ዕሌኒ" ካልሆነ ብለው ድርቅ ብለዋል፣ እህቴ በአልፋው አ ትላለች።

መርጡለ፦
ስንክሳሩ ላይ በዐይኑ ነው የለመድነው። እናትየው ልክ ናቸው።

ፊደልቆጣሪ፦
ግሪኩ ዐይን የሚባል ድምፅ የለውም፣ ስለዚህ ሁለቱም የጸሐፊ ልማድ ነው፣ አንዱ ስህተት አይባልም። የቤተክህነቱን ከወደዳችሁ ዕሌኒ፣ ካልሆነ እሌኒ። ዋናው ነገር ክትባት ካርዱም የልደት ሰርተፍኬቱም ላይ አንድ ዓይነት ይጻፍ፣ ከዛ ደግሞ ኤሌኒ ብሎ በኤ የሚጽፍ ጸሐፊ ይመጣባችኋል እሱን እዛው እያላችሁ አስተካክሉት፣ ማኅተም ካረፈበት በኋላ ስንት ቢሮ እንደሚያመላልሳችሁ አልነግርሽም።

ሐይቅዳር፦
በዐይኑ ይሁን ተብሎ አማቲቱ አሸንፈዋል። ክርስትናዋ ላይ ዶሮ ወጥ አለ፣ አዳማ ሩቅ አይደለም ጋሼ።

ቡናአፍላ፦
እኛስ? 😒