የተመሳሳይነት ፍለጋ ኢንዴክስ፦ የጥናቶቹ ውጤት ለእኛ ሥራ ይጠቅማል?

ደብረ ብርሃን_ዳታ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከባሶና ወራና፣ ከመንዝና ከሞረትና ጅሩ የተሰበሰቡ 200 ሺህ ያህል የገበሬ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው አሉን። አዲስ ጥያቄ ሲመጣ በጣም የሚመስሉትን 10 አውጥቶ ለግብርና ባለሙያው የሚያሳይ ፕሮግራም እየሠራን ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ 384 ቁጥር ያለው ቬክተር (ትርጉሙን የሚወክል የቁጥሮች ዝርዝር) ሆኗል። ሰርቨሩ 8 ጊጋ ራም አለው፣ ጂፒዩ የለውም። አዲስ ኢንዴክስ (ተመሳሳይ ቬክተሮችን ቶሎ ለማግኘት የሚረዳ አደረጃጀት) የሚያቀርብ ጥናት በየጊዜው ይወጣል፤ የትኛው ይሻለናል?

የጅሩ ልጅ፦ ለጊዜው የትኛውም። 200,000 × 384 × 4 ባይት ሲሰላ 307 ሜጋባይት ገደማ ነው። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ማወዳደር ለደህና ሲፒዩ ከ100 ሚሊ ሰከንድ አይበልጥም፤ መልሱም ግምት የለበትም። ፋይስ በሚባለው የቬክተር መፈለጊያ ላይብረሪ ላይ ፍላት የሚባለውን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ የሚያወዳድረውን ተጠቀሙ። በኮሳይን (በቬክተሮቹ መካከል ባለው አንግል) የምትለኩ ከሆነ ግን የቬክተሮቹን ርዝመት አስቀድማችሁ 1 አድርጉት፤ አለዚያ ረጅሙ ቬክተር ያለ አግባብ ከላይ ይወጣል።

አንኮበር፦ ልክ ነው፤ ጥናቱ ከንቱ ነው ማለት ግን አይደለም። ቬክተሩ 10 ሚሊዮን ሲሆን ያው ስሌት 15 ጊጋ ይደርሳል፣ ራማችሁ አይችለውም። ያኔ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ፕሮዳክት ኳንታይዜሽን (ቬክተርን ቆራርጦ በአጭር ኮድ የሚተካ ማመቂያ ዘዴ) እያንዳንዱን ቬክተር ወደ 48 ባይት ሊያወርደው ይችላል፣ ከትክክለኛነቱ ጥቂት ቀንሶ። ኤችኤንኤስደብሊው (ቬክተሮችን ከጎረቤቶቻቸው ጋር በመረብ የሚያገናኝ ኢንዴክስ) ፈጣን ነው፤ ራም ግን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፦ ኤም (የግንኙነቶቹን ብዛት የሚወስነው ቁጥር) 32 ሲሆን በቬክተር 256 ባይት ያህል ለግንኙነቶቹ ብቻ ይሄዳል። አይቪኤፍን (ቬክተሮቹን በክፍል በክፍል የሚመድበውን ኢንዴክስ) ከመረጣችሁ ኤንፕሮብን (ስንት ክፍል እንደሚታይ የሚወስነውን ቁጥር) ሳትነኩ አትተዉት። ፋይስ 1 አድርጎ ነው የሚጀምረው፤ አንዱን ክፍል ብቻ አይቶ ይመለሳል። ሰው «ኢንዴክሱ አይሠራም» የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ደብረ ብርሃን_ዳታ፦ ባለሙያው «የመንዝ ብቻ» ብሎ ሲያጣራስ?

የጅሩ ልጅ፦ አስቀድማችሁ በወረዳ አጣሩ፣ ከዚያ የቀረውን በፍላት ፈልጉ። 10ሩን ካወጣችሁ በኋላ ብታጣሩ ሁሉም የጅሩ ሊሆኑና ባዶ ገጽ ሊመጣ ይችላል።

ሰላ ድንጋይ፦ ከኢንዴክሱ በፊት ቬክተሩን ፈትሹ። «ስንዴዬን ዋግ መታው» እና «ስንዴው ላይ ቢጫ ዱቄት የመሰለ ነገር ወጣ» ካልተቀራረቡ የትኛውም ኢንዴክስ አያቀራርባቸውም። ፀሐይና ጸሀይ፣ ዐፈርና አፈር ወደ አንድ አጻጻፍ ይምጡ፤ ይህም ለተቀመጠውም ለአዲሱም ጥያቄ እኩል ይደረግ። ከዚያ ባለሙያ መልሳቸውን ያመለከተባቸው 100 ጥያቄዎች ይዛችሁ ስንቱ ከ10ሩ ውስጥ እንደገባ ቁጠሩ።