የጥቁር አፈር ጀበናዬ ለምን ይሰነጠቃል?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሱሉልታ ነው የምኖረው። ከጓሯችን ጥቁር አፈር አውጥቼ ጀበና መሥራት ጀምሬያለሁ። ጭቃው ሲቦካ እንደ ሊጥ ይሳባል፣ የፈለግሁትን ቅርጽ ይይዝልኛል። ችግሩ ሲደርቅ ነው፤ ጥላ ሥር ሳምንት ባቆየውም ይሰነጠቃል። ከስድስት አንዷ ተርፋ እሷም እሳት ላይ ፈነዳች። ጓደኛዬ ካኦሊን የሚባለውን ነጭ አፈር ገዝተሽ ሞክሪ አለችኝ። ምን ላድርግ?

የቀጨኔ ልጅ፦
አይዞሽ እህቴ። እናቴ ምጣድና ጀበና እየሠራች ነው ያሳደገችን፣ ጥቁር አፈር ለብቻው ስታቦካ አይቻት አላውቅም። ቀይ አፈር ትቀላቅልበታለች፣ የተሰበረ ሸክላ ወቅጣና ነፍታ ደግሞ ትጨምርበታለች። ገል ነው የምንለው። ለምጣድ ገሉን ታበዛዋለች፣ ምጣድ ሁሌ እሳት ላይ ነዋ።

አፈር ወዳድ፦
እናትህ ልክ ናቸው፣ ምክንያቱን ልጨምር። ጥቁር አፈር ውስጥ የሚበዛው ስሜክታይት የሚባል ማዕድን ነው። ቅንጣቶቹ እንደ ወረቀት የተነባበሩ ናቸው፣ ውሃ በመሃላቸው ይገባና ያሳብጣቸዋል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራሉ። በጋ ላይ የመረሬ ማሳ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው ለዚህ ነው፤ ጀበናሽም ያደረገችው ያንኑ ነው። ቀይ አፈር ላይ ብዙ ጊዜ የሚያይለው ካኦሊናይት የሚባል ሌላ ማዕድንና የብረት ኦክሳይድ ነው። ካኦሊናይት በንብርብሩ መሃል ውሃ አያስገባም። ገል ደግሞ አንዴ ተተኩሷል፣ ከእንግዲህ አይኮማተርም፣ ለእርጥበቱም መውጫ ይከፍታል።

የፈነዳችው ውስጧ ሳይደርቅ እሳት ስላገኛት ይመስለኛል። ውሃው 100 ዲግሪ አካባቢ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ግድግዳውን ይገነጥለዋል። መጀመሪያ ከእሳቱ ራቅ አድርገሽ በደንብ አሙቂያት። 573 ዲግሪ ላይ ደግሞ አፈሩ ውስጥ ባለው አሸዋ የሚገኘው ኳርትዝ የሚባል ማዕድን በድንገት መጠኑን ይቀይራል፣ ስለዚህ ስትቀዘቅዝም አትቸኩዪ፣ ከነአመዱ ተዪያት።

ካኦሊኑን ለጊዜው ተዪው። ጉጂ ውስጥ ቦምቦዋሃ የሚወጣው ጥሩ ነጭ አፈር ነው፣ ግን ለብቻው እንደ ጥቁሩ አይሳብም፣ ለመጠንከርም ከ1200 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። የኩበትና የእንጨት እሳት ሜዳ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 900 ነው።

ከመሥራትሽ በፊት ከጭቃው ጠፍጣፋ ቁራጭ አውጪና 10 ሴንቲ ሜትር መስመር ጫሪበት። ሲደርቅ ለኪው። ከ9 በታች ከወረደ ቅልቅሉን ቀይሪ።

ባለምጣድ፦
አንድ ነገር ረስታችኋል። ጥቁር አፈር ውስጥ ነጫጭ ጠጠር ካየሽ ሎሚ ጠብ አድርጊበት። አረፋ ካወጣ የኖራ ዘር ነውና ልቀሚው። እሳት ውስጥ ኖራ ይሆንና ከቀናት በኋላ የአየሩን እርጥበት ስቦ ያብጣል፣ ደህና የነበረውን ዕቃ ይቦድሰዋል። እኔ አምስት ምጣድ በዚህ አጥቻለሁ።

ጀማሪዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ለካሁት። ጥቁሩ ብቻውን 10 የነበረው 8 ተኩል ሆኗል። አንድ እጅ ጥቁር፣ ሁለት እጅ ቀይና አንድ እጅ ገል ያደረግሁበት ግን 9.3 ላይ ቆመ፣ ጭረት እንኳ የለውም። ነጭ ጠጠርም አግኝቻለሁ፣ ሎሚው ላይ ፈላ። ዛሬ ሙሉ ቀን ስነፋ ነው የዋልኩት።