በአንድ ቀን ስድስት ሚስተሪ ሾፒንግ፦ ማስታወሻችሁን እንዴት ነው የምትይዙት?

የቨርጂኒያዋ፦

ሰላም ወገኖች። የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፣ ሚስተሪ ሾፒንግ ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። ለማታውቁት፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ትገባላችሁ፣ ትገዛላችሁ፣ ከዚያ ሠራተኛዋ ሰላም ብላችሁ ነበር ወይ፣ ሰልፉ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው ወይ የሚለውን ሁሉ በሪፖርት ትሞላላችሁ። ክፍያው ትንሽ ነው። ብዙ ጊዜ የገዛችሁበትን መልሰው ጥቂት ዶላር ይጨምሩበታል። ለአንድ ብቻ ብሎ መውጣት ነዳጁንም አይሸፍን። ስለዚህ እኔ በሳምንት አንድ ቀን ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ አምስት ስድስቱን ባንዴ ነው የምሠራው።

ባለፈው ማክሰኞ ስድስት ነበረኝ። ሁለት ፋስት ፉድ፣ ፋርማሲ፣ ጫማ ቤት፣ ነዳጅ ማደያ፣ መጨረሻ ላይ ባንክ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ላፕቶፑን ከፍቼ ብቀመጥ ሁሉም ተደባለቀብኝ። መነጽር ያደረገችው ልጅ ጫማ ቤቷ ነበረች ወይስ ፋርማሲው? «ሌላ የሚፈልጉት ነገር አለ?» ያለኝ የቱ ነው? እንደምንም ሞልቼ ላክሁ። አንዱ ተመለሰብኝ። የጻፍሽው የካሸሯ ስም ደረሰኙ ላይ ካለው ጋር አይገጥምም ብለው ክፍያውንም የገዛሁበትንም ከለከሉኝ።

የቆጨኝ ግን ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ያቺ ልጅ ያላጠፋችውን ጥፋት በስሟ ጽፌባት ቢሆንስ? እንጀራዋ ነው። እንቅልፍ ነሳኝ። እስቲ የቆያችሁበት ንገሩኝ፣ ቀኑን ሙሉ ስትዞሩ ማስታወሻ የምትይዙት እንዴት ነው? ሱቅ ውስጥ ደብተር ማውጣት አይቻል፣ ሁሉንም በጭንቅላት መያዝም አልቻልኩም።

ባለ ኮሮላው፦

እህቴ አይዞሽ፣ ሁላችንም ያለፍንበት ነው። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ ስምንት ዓመት ሠርቼበታለሁ። ችግርሽ የማስታወስ ችሎታ አይመስለኝም። ችግሩ እስከ ማታ ማቆየትሽ ነው። አንድ ሱቅ ብቻ ቢሆን ማታም ታስታውሺዋለሽ። ስድስት ሲሆን ግን ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይሸፍነዋል፣ ሦስተኛው ሁለተኛውን።

የእኔ ሕግ አንድ ነው። የዚያን ሱቅ ነገር ሳልጨርስ ወደሚቀጥለው አልነዳም። ከሱቁ ወጥቼ መኪናዬን አስነሳለሁ፣ ከመስኮታቸው እንዳልታይ ጥግ እዞራለሁ ወይም ጎረቤት ፓርኪንግ እገባለሁ፣ ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ለራሴ በድምፅ እተርካለሁ። «ገባሁ፣ ሰላም ያለኝ የለም፣ በስተግራ ሁለት ሠራተኞች እያወሩ ነበር፣ አንዱ ረጅም፣ ጢሙን ያሳደገ፣ ሰማያዊ ሸሚዝ…» እያልኩ ከበሩ እስከ በሩ። ሦስት አራት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። የተባለውንም ቃል በቃል፣ በእንግሊዝኛው እንዳለ እላለሁ፣ ምክንያቱም ሪፖርቱ ብዙ ጊዜ «ምን አለሽ?» ብሎ ይጠይቃል እና ተርጉመሽ ከያዝሽው ቃሉ ይጠፋል። ድምፁን ሳስቀምጥ ስሙን በሱቁ ቁጥር እሰይመዋለሁ።

ወደ ሱቁ ከመግባቴ በፊት ደግሞ መኪና ውስጥ ሆኜ የሱቁን ፊት አንድ ፎቶ አነሳለሁ። ፎቶው ሰዓቱንና ቦታውን ራሱ ይይዝልኛል። የገባሁት ስንት ሰዓት ነበር ብዬ ተጨንቄ አላውቅም።

ስለ ሰዓት ካነሳን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እኛን ብቻ የሚያገኝ ነገር ነው። እኔ ስቸኩል የማስበው በእኛ ሰዓት ነው። መጀመሪያ አካባቢ ወረቀት ላይ «6፡20 ገባሁ» ብዬ ጽፌ ማታ እንዳለ ሪፖርቱ ላይ ገለበጥኩት። ደረሰኙ የሚለው 12፡20 ነው! ምሳ ሰዓት ላይ እንድገባ የታዘዝኩትን ማታ የገባሁ አስመሰለው። ሪፖርቱን የምታርመው ኤዲተር ደግ ሆና ጠየቀችኝ እንጂ ይሰረዝ ነበር። ስለዚህ ማስታወሻሽን በአማርኛ ጻፊው፣ ሰዓቱን ግን ሁልጊዜ በፈረንጅ አድርጊው፣ ከሰዓት በፊት ወይም በኋላ መሆኑንም ጨምሪበት።

ማሚ ቡና፦

ልጄ፣ እኔ ቴክኖሎጂው ላይ ብዙም አይደለሁ። ፖስታ ነው የምጠቀመው። ለእያንዳንዱ ሱቅ አንድ ፖስታ። ማታ ከመተኛቴ በፊት በማግስቱ የምሄድበትን በቅደም ተከተል እደረድራለሁ፣ ፖስታው ላይ ቁጥር፣ አድራሻ፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት መግባት እንዳለብኝ፣ ምን መግዛት እንዳለብኝ፣ ሪፖርቱ መቼ እንደሚደርስ በትልቁ እጽፋለሁ። አንዳንዱ በዚያው ሌሊት ይፈልጋል፣ አንዳንዱ በማግስቱ እስከ ቀትር ይላል። መመሪያቸውንም ማታ አንድ ጊዜ፣ መኪና ውስጥ ደግሞ አንድ ጊዜ አነበዋለሁ። ወረቀቱን ይዤ ግን አልገባም፣ ወንበር ላይም ገልጬ አልተወውም። ድራይቭ ስሩ ላይ፣ ከመኪና ሳትወርጂ የምትገዢበት ማለቴ ነው፣ በመስኮት ጎንበስ ብለው ያዩታል።

ስወጣ ደረሰኙ ወዲያው ፎቶ ይነሳና ፖስታው ውስጥ ይገባል። የፖስታው ጀርባ ላይ የሠራተኛዋን ስምና መልክ፣ ያስከፋኝንም ያስደሰተኝንም እጽፋለሁ። አንድ ፖስታ ሳይታሸግ ሁለተኛው አይከፈትም። ባለ ኮሮላው ያለው ነው እንግዲህ፣ በእኔ መንገድ።

ደረሰኙን ፎቶ አንሺ የምልሽ በምክንያት ነው። ያ የሚያብረቀርቀው ወረቀት ሙቀት አይችልም። አንድ ነሐሴ ላይ መሪው ፊት፣ መስታወቱ ሥር ጥዬው ሌላ ሱቅ ገባሁ። ስመለስ ጠቁሮ ከሰል መስሏል፣ አንድም ፊደል አይነበብም። የሃያ ሦስት ዶላር ምሳ ነበር።

ደግሞ ስልክሽ ላይ ያለውን ስቶፕ ዋች ልመጂው። እሱን ልጄ ነው ያሳየኝ። ሰልፍ ስትይዢ ታስጀምሪዋለሽ፣ ስታዝዢ «ላፕ» የሚለውን ትነኪያለሽ፣ ምግቡ እጅሽ ሲገባ እንደገና ትነኪያለሽ። ሁሉንም ለየብቻ ይዞ ያቆይልሻል። ቴክስት የምታደርጊ ነው የምትመስዪው፣ ማንም ልብ አይልሽ። ከዚያ ስክሪኑን ፎቶ አድርጊና አዲስ ጀምሪ፣ ካላጠፋሽው ሁለተኛው ሱቅ ላይ ይቀጥልብሻል።

የቨርጂኒያዋ፦

ማሚ፣ ባለ ኮሮላው፣ እግዜር ይስጥልኝ። የድምፁ ነገር ገብቶኛል። እንዲያውም እያሰብኩ ነበር፣ ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ እየቀዳ ይዤው ብገባስ? ሁሉም ቃል በቃል ይያዝልኛል። ለሚቀጥለው ሳምንት ሮክቪል በኩል ሦስት ወስጃለሁ።

ባለ ኮሮላው፦

ኧረ አታድርጊው! ሮክቪል ሜሪላንድ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የሰውን የግል ንግግር ሁሉም ሳይስማሙ መቅዳት ወንጀል ነው፣ ቀላል ወንጀልም አይደለም። ቨርጂኒያና ዲሲ ላይ ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ ካወቀ በቂ ነው ይላል ሕጉ፣ አንቺ ደግሞ አንዷ ተነጋጋሪ ነሽ። የውድሮው ዊልሰንን ድልድይ ወደ ሜሪላንድ ስትሻገሪ ግን ነገሩ ይለወጣል። በዚያ ላይ ኩባንያው ቅጂ ካላዘዘሽ በቀር በራስሽ አትቅጂ፣ የትም ይሁን የት። መኪናሽ ውስጥ ብቻሽን ሆነሽ የምትቀጂው የራስሽ ድምፅ ነው፣ እሱ ማንንም አይነካም።

ስመ ጥሩ፦

ሲያትል ነኝ፣ ስለ ስም ልጨምር። በካሸሯ ነገር ያሳሳተሽ እሱ ስለሆነ።

ስም በጆሮ ብቻ አትያዢ። ደረት ላይ የተለጠፈውን አንብቢ፣ ደረሰኝ ላይ ካለ ደግሞ ከሱ ጋር አስተያዪው። ደረሰኙ ላይ ያለው ስም ሁልጊዜ ያስተናገደሽ ሰው ስም አይደለም። አንዷ በከፈተችው ማሽን ሌላዋ ትሠራለች። ሁለቱ ከተለያዩ ሁለቱንም ጽፈሽ «ደረሰኙ ይህን ይላል፣ ባጇ ላይ ግን ይህ ነበር» በያቸው። አንቺን የከለከሉሽ ምናልባት እንዲህ ያለ ነገር ቢሆንስ? በባጇ ልክ ከጻፍሽ ጥፋቱ ያንቺ ላይሆንም ይችላል፣ ኤዲተሩን በትሕትና ጠይቂ።

ሌላው፣ እኔም በአማርኛ ነው የምጽፈው፣ ከጎኔ የቆመ ሰው ቢያይ ምንም አይገባውም፣ ትልቅ ጥቅም ነው። ግን አማርኛው የስሙን ፊደል ይውጠዋል። «ክሪስቲን» ብዬ ጻፍኩ፣ ማታ ላይ በሲ ይጀምር በኬ፣ መጨረሻው ላይ ኢ ይኑረው አይኑረው ከየት ላምጣው? ለሰው ስም ብቻ በላቲን ፊደል ነው የምጽፈው። ባጅ የሌላት ከሆነ መልኳን እይዛለሁ። ቁመት፣ የፀጉር ቀለምና አሠራር፣ መነጽር፣ ዕድሜ በግምት። ልብስ ብቻ አትያዢ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሸሚዝ ነው የሚለብሱት።

ስሙ እንዳይጠፋኝ ደግሞ ከማውቀው ሰው ጋር አያይዘዋለሁ። ማርከስ ከሆነ «ማርቆስ፣ ሰፈራችን ያለው ባለ ሱቅ» ብዬ በሩን እስክወጣ በሆዴ እደግመዋለሁ። እስካሁን ከድቶኝ አያውቅም።

አዲስ ገቢ፦

ይቅርታ ካረፈደ፣ እንዴት ነው የሚጀመረው? በኢሜይል አንድ ሰው ሁለት ሺህ ዶላር ቼክ ልላክልህ፣ ጊፍት ካርድ ገዝተህ ሱቁን ገምግም ብሎኛል።

ማሚ ቡና፦

ወንድሜ፣ እሱ ሌባ ነው። ቼኩን እንዳታስገባ። ባንኩ በሁለት ሦስት ቀን ብሩን ያሳይሃል፣ ሐሰተኛ መሆኑ የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ ነው፣ ያኔ ዕዳው ባንተ ላይ ነው። የካርዱን ቁጥር ልከህለት ከሆነ ያ ብር ሄዷል። እውነተኛው ሥራ አስቀድሞ ቼክ አይልክም፣ ለመመዝገብም ገንዘብ አያስከፍልም። በኢሜይሉ ላይ ያለው ስም እንዳያታልልህ፣ የታወቁ ኩባንያዎችን ስም ሰርቀው ይጽፋሉ።

የቨርጂኒያዋ፦

ዛሬ ማክሰኞ ነበር፣ ልንገራችሁ ብዬ ነው። አምስት ብቻ ወሰድኩ። ፖስታም ድምፅም ሁለቱንም ያዝኩ። ሁለተኛው ቦታ ላይ ሰልፉ ረዝሞ ዘገየሁ፣ እና ድምፁን ሳልቀዳ ልሂድ ብዬ ቁልፉን አዞርኩ። ከዚያ ባለ ኮሮላው ትዝ አለኝና ሞተሩን አጠፋሁት። ሦስተኛው ላይ ስደርስ የተፈቀደው ሰዓት ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር፣ ግን ደረስኩ። ማታ አምስቱንም ጽፌ ስጨርስ ገና ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር፣ በፈረንጅ 9፡30። በፊት እኩለ ሌሊት ያልፈኝ ነበር።

የጫማ ቤቷ ልጅ ደግሞ እግሬን ለክታ፣ ተንበርክካ ሦስት ጥንድ አምጥታ አሳየችኝ። ስሟን ከባጇ ላይ በፊደሉ ያዝኩት፣ ያደረገችውን አንድ በአንድ ጻፍኩላት። ያለፈው ሳምንት ኤዲተርም መለሰልኝ። ስመ ጥሩ እንዳለችው ነው፣ ሌላ ልጅ በከፈተችው ማሽን ነበር የምትሠራው። ሪፖርቱን አስተካክዬ እንድልክ ፈቀዱልኝ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ እነዚህን ፖስታዎች ምን ላድርጋቸው? መጣል ይቻላል?

ባለ ኮሮላው፦

እንዳትጥዪ! ተቀጣሪ አይደለሽም፣ ራስሽን ችለሽ ነው የምትሠሪው፣ ግብሩንም ራስሽ ነሽ የምታቀርቢው። ወጪሽ ተቀንሶ በዓመት 400 ዶላርና ከዚያ በላይ ካተረፍሽ ማሳወቅ አለብሽ። ነዳጁም ከዚያ ላይ ይቀነስልሻል። ለ2025 የግብር መሥሪያ ቤቱ፣ አይአርኤስ፣ የፈቀደው በማይል 70 ሳንቲም ነበር። ግን በግምት አይሆንም፣ በየቀኑ የተጻፈ ይፈልጋሉ። ቀኑን፣ የት እንደሄድሽ፣ ለምን እንደሄድሽ፣ ስንት ማይል እንደነዳሽ። ፖስታሽ ላይ ለሱ አንድ መስመር ተዪለት፣ ስትነሺም ስትደርሺም የመኪናውን ቆጣሪ ጻፊው። ከዚያ የዓመቱን ፖስታ በጫማ ካርቶን አድርገሽ፣ ግብሩን ካስገባሽ በኋላ ሦስት ዓመት አስቀምጪው። እኔ አልጋ ሥር ነው ያለው፣ በየዓመቱ አንድ ካርቶን።