ጥቆማ፦ የልዕለ ጀግና ኮሚክ በባሕር ዳር የት ይገኛል?

የሽምብጧ
ሰላም ለሁላችሁ። የአሥራ ሦስት ዓመት ወንድም አለኝ። የማርቭልን ፊልሞች አንድም ሳያስቀር አይቶ ጨርሷል፤ አሁን ደግሞ «መጽሐፎቹን ካላነበብኩ» ብሎ ቤቱን ያምሰዋል። በከተማችን የታተመ ኮሚክ የሚሸጥ አለ? ከሌለ በቀለም አትሞ የሚጠርዝ ጥሩ ቤት የቱ ነው? ከየትኛው ታሪክ ቢጀምርስ ይሻላል?

ፔዳ ሰፈር
ፔዳ አካባቢ አንድ ልጅ አለ፤ ሌላ ቦታ እንዳትደክሚ። የመመረቂያ ጽሑፌን ያስጠረዝኩት እሱ ጋ ነው። እስከ ዛሬ አንድ ገጽ አልተነቀለም።

የጣና ዳር
የመመረቂያ ጽሑፍን ከተመረቅህ በኋላ ማን ይገልጠዋል? አይነቀልም! እኔ ለዚያው ልጅ ማንጋ፣ ማለትም የጃፓን ኮሚክ፣ ሰጥቼው ነበር። ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ ጥርዙ በቀኝ በኩል መሆን አለበት። እሱ እንደ ደብተር በግራ ጠረዘው። ሽፋኑን ስገልጥ መጀመሪያ ያገኘሁት የዋናውን ሰው ቀብር ነው።

ፔዳ ሰፈር
ነግረኸው ነበር? ፍላሽህን ወርውረህለት ሄደህ ይሆናል።

የጣና ዳር
ቀለሙንም ልንገረው ኖሯል? ቀዩ ከመሥመሩ ወጥቶ ጎረቤት ገብቷል።

ዓባይ ማዶ
ፍላሽ ከተነሣ አይቀር የእኔን ስሙ። ፊልም ላስጭን ፍላሼን ለአንድ ቤት ሰጠሁ። ሰውየው ቦታ አልበቃ ሲለው ሳይጠይቀኝ ፎርማት አድርጎ በፊልም ሞላልኝ። የእህቴ የመልስ ፎቶ በሙሉ እዚያ ላይ ነበር። የሠርጉ አለ፤ የመልሱ ግን ሌላ ቅጂ የለውም። እናቴ ቡና ስታፈላ ስሜን ዘልላ ነው የምትጠራው።

ጊዮርጊስ ጀርባ
ይህ ግፍ ነው! የቤቱን ስም ጥቀስና ሰው ይጠንቀቅ።

ዓባይ ማዶ
አልጠቅስም። በየቀኑ በደጁ ነው የማልፈው።

ፓፒረስ
ፎቶ አንሺው ጋ ዋናው አይኖርም?

ዓባይ ማዶ
ካስረከበ በኋላ አጥፍቶታል።

የባጃጅ ወንበር
ለጠያቂዋ መልስ ጠፋ፤ ለሙሽራዋም መልስ ጠፋ። እንዲህ ነው እንጂ ጥቆማ!

ፖሊ 4ኛ ዓመት
ወንድሜ፣ ተስፋ አትቁረጥ። በተለመደው ፎርማት በአብዛኛው የሚጠፋው የፋይሎቹ ማውጫ ነው፤ ፎቶው ራሱ አዲስ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በቦታው ይቆያል። ፊልሙ የያዘው ቦታ ላይ የነበረው ሄዷል፤ የተረፈው ግን የጠፋ ፋይል በሚመልስ ፕሮግራም ሊገኝ ይችላል። ከእንግዲህ ምንም ነገር አትጫንበት። የሚወጣውንም ኮምፒውተር ላይ አስቀምጠው እንጂ ወደዚያው ፍላሽ አትመልሰው።

የድሮ አንባቢ
እህቴ፣ ሠርጉ ይቆየንና ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። አዲስ ኮሚክ እዚህ በመደብር ተደርድሮ አላየሁም። አሮጌ መጽሐፍ አዟሪዎች ጋ አልፎ አልፎ ይወጣል፤ የሚወጣው ግን የተከታታዩ መካከለኛ ቁጥር ነው፤ መጀመሪያውም መጨረሻውም የለም።

ወንድምሽን አስቀድመሽ አንድ ነገር ንገሪው፦ መጽሐፉ የፊልሙ ቅጂ አይደለም። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የጀግኖቹን ባላጋራ ታኖስን እንይ። በ2018ቱ ፊልም የፍጥረትን ግማሽ የሚያጠፋው «ሀብቱ ለሁሉም አይበቃም» ብሎ ነው። በ1991 በወጣው ኮሚክ ግን በሴት አምሳል የተሣለችውን ሞትን ስላፈቀረ፣ እሷን ደስ ለማሰኘት ነው። የፊልሙ ታኖስ ዕቅድ አቅርቦ የሚያስጨበጭብ ባለሥልጣን ይመስለኛል። የኮሚኩ አፍቅሮ ፊት የተነሣ ወንድ ነው፤ የሚያስፈራውም ለዚህ ነው።

የጀግኖቹ የእርስ በርስ ጦርነትም እንደዚሁ። በ2006 በጀመረው ኮሚክ ጠቡ የሚነሣው ጀግኖች እውነተኛ ስማቸውን ለመንግሥት ያስመዝግቡ በሚለው ሕግ ነው። ስፓይደርማን በጋዜጠኞች ፊት ጭምብሉን አውልቆ በእጁ ይዞ ስሙን ይናገራል። ለዓመታት የደበቀው ፊት እንዲያ ተገልጦ ሲታይ ገጹን ማለፍ ያቅታል፤ ኮሚክ እስክትጠግቢ ይጠብቅሻል፣ ፊልም አይጠብቅም። በ2016ቱ ፊልም ያ ትዕይንት የለም፤ ክርክሩ በተባበሩት መንግሥታት ቁጥጥር ሥር እንግባ አንግባ ወደሚል ተለውጧል። ፊልሙ መጥፎ ነው አልልም፤ ግን ዋናው ፍርሃት ቀርቶበታል።

ለመጀመሪያ በ2000 የጀመረውን «አልቲሜት ስፓይደርማን» ስጪው። ፒተር ፓርከርን የአሥራ አምስት ዓመት ተማሪ አድርጎ ታሪኩን ከሥሩ ይጀምረዋል፤ ከ1962 ወዲህ የተጠራቀመውን ሁሉ ማወቅ አያስፈልገውም። «ዎችመን»ን የሚመክርሽ ከመጣ ለራስሽ ያዢው፤ ለአዋቂ የተጻፈ ነው።

ፓፒረስ
ባትማን እያለ ስፓይደርማን ማን ይመክራል? የ2008ቱ ፊልም ብቻውን ይበቃል።

የድሮ አንባቢ
ልጁ ፊልም አይቶ ጨርሷል ተብለሃል እኮ።

ጊዮርጊስ ጀርባ
የራሳችንን ለምን ትረሳላችሁ? «ጀምበር» የሚባል ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና አለ፤ ኤታን ኮሚክስ በአማርኛም አውጥቶታል። ብላክ ፓንተርን ወድዶ ከሆነ ይህን ይየው። የብላክ ፓንተር አገር ዋካንዳ በ1966 በአሜሪካውያን ብዕር የተፈጠረች ናት፤ ጀምበር ግን የእኛው ሰው ነው።

ፖሊ 4ኛ ዓመት
የምታሳትሚው ከሆነ፦ በጥርዙ በኩል ሰፋ ያለ ባዶ ኅዳግ ይተውልሽ፤ አለዚያ በሁለት ገጽ የተዘረጋው ሥዕል መሐሉ ይዋጣል፣ ንግግሩም አብሮ ይገባል። ሙጫ ሳይሆን ጥምዝ ሽቦ አስደርጊ፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ይዘረጋል። ከሁሉ በፊት ጨለማ የበዛበትን አንድ ገጽ አሳትመሽ ተመልከቺ። የባትማን ሌሊት ጥቁር ጭቃ ሆኖ ከወጣ ገንዘብሽን ይዘሽ ውጪ።

ፔዳ ሰፈር
ስለ ቀለም ከተነሣ፣ በ2018 የወጣው የሌላኛው ስፓይደርማን፣ የማይልስ ሞራሌስ፣ አኒሜሽን ፊልም የድሮ ኅትመት ለመምሰል ሆን ብሎ ቀለሙን ከመሥመር አስወጥቶ የለም? የፔዳው ልጅ ሲያደርገው ለምን ጥፋት ሆነ?

የጣና ዳር
እነሱ ኦስካር ወሰዱበት። እኔ ደረሰኝ እንኳን አልተሰጠኝም።

የባጃጅ ወንበር
ሲጠይቁት «ኦስካሩ በሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል» ይላል።

የሽምብጧ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «ጀምበር»ን ለወንድሜ አሳየሁት፤ ስለ ታኖስ የተጻፈውንም አነበበና «የድሮ አንባቢ ተሳስቷል» ብሎ ሁለት ገጽ መልስ እየጻፈ ነው።

የድሮ አንባቢ
ይላክልኝ። ዝግጁ ነኝ።

ዓባይ ማዶ
ፖሊ 4ኛ ዓመት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አንድ የሰፈራችን ባለሙያ እንዳልከው አድርጎ ከፊሉን ፎቶ አወጣልኝ። በወጣው ሁሉ ላይ አጎቴ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ቢሆንም እናቴ ታረቀችኝ።

የሽምብጧ
እንኳን ደስ ያለህ! ባለሙያው ኮሚክም ያትማል?

ዓባይ ማዶ
አያትምም፤ ሞባይል ነው የሚጠግነው።

ፔዳ ሰፈር
የፔዳው ልጅ ሁለቱንም ይሠራል።