የእናቴ ሲአርፒ 4.8 ሆነ፣ የብግነት እንክብል ልግዛላት?

ማሂ (ሀዋሳ)
ሰላም ቤተሰብ። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ስኳርና ግፊት አለባት፣ ሜትፎርሚን መውሰድ ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። ሰሞኑን ጉልበቷን ሲያማት ደሟን ተመርምራ ብግነትን (የሰውነት መቆጣትን) የሚያሳየው ሲአርፒ 4.8 ነው ተባለች። ውጤቱን ይዤ አንድ መድኃኒት ቤት ስገባ ሻጩ "ብግነት ነው፣ የሚያስረጃትም እሱ ነው" ብሎ ከውጭ የገባ የእርድ እና የዓሣ ዘይት እንክብል አወጣልኝ። ዋጋው የወር አስቤዛችንን ግማሽ ይበላል። ለእናቴ ከሆነ ከየትም ብዬ እገዛለሁ፣ ግን መጀመሪያ ነገሩ ይግባኝ። ብግነት ከስኳርና ከእርጅና ጋር ምን አገናኘው? በምግብስ ይቀንሳል? ጾመኛ ናት፣ በጾም ዓሣ አትነካም። የተመረመረች ዕለት ጉንፋንም ይዟት ነበር።

የላቦራቶሪ ሰው
ማሂ ቆይ፣ አትግዢ። ጉንፋን ይዟቸው ከነበረ ያ 4.8 ስለ ልባቸውም ስለ እርጅናቸውም ብዙ አይነግርሽም። ሲአርፒ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው፣ ሰውነት የትም ቦታ ሲቆጣ ይጨምራል። ጉንፋንም፣ የድድ ቁስልም፣ የሽንት ኢንፌክሽንም ከፍ ያደርገዋል። ለልብ ሕመም ስጋት የሚታየው ኤችኤስ ሲአርፒ የሚባለው፣ ያንኑ ሲአርፒ መጠኑ ትንሽ ሲሆንም በጥራት የሚለካው ምርመራ ነው፤ በሊትር ከ1 ሚሊግራም በታች ዝቅተኛ፣ ከ1 እስከ 3 መካከለኛ፣ ከ3 በላይ ከፍተኛ ይባላል፣ 10 ካለፈ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ የሚፈለግ ነገር አለ ማለት ነው። ደህና ሲሆኑ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ያስለኩ። ጥርስና ድዳቸውንም አሳይ፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ሲስተር ታቦር
የላቦራቶሪ ሰው ያለው ትክክል ነው። እኔ ሌላውን ጥያቄሽን ልመልስ።

ስንቆስል ቀልቶ የሚያብጠውና የሚያተኩሰው ብግነት ጠቃሚ ነው፣ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። ሌላ ደግሞ አለ፣ ዝቅ ብሎ ዓመት ከዓመት የሚቀጥል፣ ብዙ ጊዜ የማያምም። ጣሊያናዊው ተመራማሪ ክላውዲዮ ፍራንቼስኪ እ.ኤ.አ. በ2000 ከእርጅና ጋር አያይዞ ስም ያወጣለት ይኼኛውን ነው። አንዱ ትልቅ ምንጩ ሆድ ውስጥ የሚከማች ስብ ነው። ያ ስብ ኢንተርሉኪን 6 የሚባል መልእክት ይለቃል፣ ጉበት ሲደርሰው ሲአርፒ ያመርታል፤ አብረው የሚለቀቁት ሌሎች ደግሞ ስኳርን ከደም ወደ ጡንቻ የሚያስገባው ኢንሱሊን በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋሉ። ስኳርና ብግነት የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ብግነት በራሱ ልብን እንደሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ካንቶስ የተባለው ጥናት አሳይቷል። ከዚያ በፊት ሀርት አታክ ለነበረባቸው ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ነው የተሠራው። ብግነትን ብቻ የሚቀንስ መርፌ የወሰዱት ኮሌስትሮላቸው ሳይለወጥ ዳግም የመታመማቸው ነገር ቀነሰ። ግን በኢንፌክሽን የሞቱትም በእነሱ በኩል በዙ። ስለዚህ "ብግነትን ጠራርጎ የሚያጠፋ" የሚል ማስታወቂያ ሳይ በጣም ነው የምናደደው። ሰውነት እኮ ይፈልገዋል!

እንክብሎቹን በተመለከተ፣ ቫይታል የተባለው ጥናት ወደ 26 ሺህ ሰው ይዞ አምስት ዓመት ገደማ የዓሣ ዘይትና ቫይታሚን ዲ ፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ ሲወጣ በጥቅሉ ዋና ዋናዎቹን የልብ ሕመሞችም ካንሰርንም አልቀነሱም። እርድ አልጫ ውስጥ ግሩም ነው፣ ይብሉ። እንክብሉ ላይ ግን በደንብ እንዲሰርጽ ብለው ብዙ ጊዜ የቁንዶ በርበሬ ንጥር ይጨምሩበታል፣ እንዲህ ዓይነቱን ወስደው ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች አሜሪካ ውስጥ ተመዝግበዋል። የግፊትና የስኳር መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ሐኪሙ ሳያውቅ አይሰጥም።

የሐይቁ ልጅ
ሀዋሳ ተቀምጦ የዓሣ ዘይት በእንክብል! እውነቱን ለመናገር የሐይቃችን ዓሦች ቆሮሶና አምባዛ በኦሜጋ 3 (የዓሣ ዘይት ውስጥ ባለው ስብ) ሰርዲንን አይስተካከሉም፣ ግን ጥሩ ፕሮቲን ናቸው። ዋናው አሠራሩ ነው። አንዳንድ ቦታ መጥበሻው አጠገብ ቆማችሁ ዘይቱን እዩት፣ ጠቁሮ ወፍሮ አረፋ ይደፍቃል፣ እዚያው ላይ ሌላ ዓሣ ይጨመራል። ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ትኩሱን ገዝተሽ ቤት ጉላሽ ወይም ሾርባ ሥሪላቸው።

ጾማቸው ደግሞ ችግር አይደለም፣ እንዲያውም ጥሩ ዕድል ነው። ምስር፣ ባቄላ፣ ሽሮ፣ ጎመን። አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች የእነዚህን አሰር (ፋይበር) በልተው ቡቲሬት የሚባል ነገር ያወጣሉ፣ እሱ የአንጀትን ግድግዳ ይመግባል፣ ቁጣውንም ያበርዳል። ጾሙን የሚያበላሸው ነጭ ዳቦ በጣፋጭ ሻይ፣ ሩዝ የበዛበት እንጀራ፣ በየቀኑ ጥብስ ድንች ነው። ተልባ ቆልተሽ ወቅጠሽ ስጪያቸው፣ ውስጡ ያለውን ኦሜጋ 3 ሰውነት ወደ ዓሣው ዓይነት የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ቢሆንም አሰሩ ራሱ ይጠቅማል። አቮካዶ ሲዳማ ውስጥ ሞልቷል፣ ያለ ስኳር ይብሉት። ማታ ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ትንሽ ወክ አድርጉ፣ ጉልበታቸው በቻለው መጠን።

ማሂ (ሀዋሳ)
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ሻይዋ ሦስት ማንኪያ ስኳር ነው፣ ከዚያ እጀምራለሁ። አንድ ነገር ረስቼ ነበር፣ ማታ ማታ እግሯን ያደነዝዛታል፣ ያቃጥላታል። ይሄም ብግነት ነው?

ሲስተር ታቦር
እሱን ቶሎ ለሐኪማቸው ንገሪ ማሂዬ። ስኳሩ ነርቫቸውን ነክቶት ሊሆን ይችላል። ግን ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12 እንዳይሰርጽ ያደርጋል፣ ቢ12 ደግሞ ከእንስሳት ተዋጽኦ እንጂ ከእህልና ከአትክልት አይገኝም። ረጅም ጾም የሚጾሙ ከሆነ ሁለቱ ተደራርበዋል። "ስኳር ነው" ተብሎ እንዳይታለፍ፣ ቢ12 ይለካ በይ። ሜትፎርሚኑን ግን በራሳቸው እንዳያቋርጡ!

ብሩስ ኤምስ የሚባል ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ2006 ያቀረበው ሐሳብ አለ። ንጥረ ምግብ ሲያንስ ሰውነት ያለውን ዛሬ በሕይወት ለሚያቆየው ሥራ ይሰጥና የነገውን ጥገና ያዘገያል ይላል፤ ደመወዝ ያጠረው ቤት ጤፍና ኪራይ ከፍሎ የሚያፈሰውን ጣሪያ እንደሚያቆየው። ሐሳብ ነው፣ ሁሉም ነገሩ አልተረጋገጠም፣ ግን የጎደለውን ለክቶ መሙላት ያልጎደለውን በውድ ገዝቶ ከመጨመር ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ለእንክብሉ ያሰብሽውን ብር ለቢ12 እና የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር ለሚያሳየው ምርመራ አውዪው። ውጤቱ ሲመጣ እዚሁ ጻፊልን።